ሁለተኛው አቶ ዘርጋው

ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ደብረ ብርሃን እንደ ደንቡ ቆመች። ሳይረኑ ሲጮህ አናጢው መዶሻውን እንዳነሳ፣ ፀጉር አስተካካዩ የደንበኛውን ግማሽ ራስ እንደላጨ ቀረ። እጅ ሁሉ ወደ ማጅራት ሄደ፤ አፍ ሁሉ «ሰምቻለሁ» አለ። የትዝታው ጎተራ ቦታ በለወጠ ቁጥር እንዲህ ነው። ሰው ይሰማል፣ መስማቱን ይናገራል፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ይጠብቅና ኑሮውን ከተወበት ያነሳል።

ሰው ትዝታውን ጎተራ ማስቀመጥ ከጀመረ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። በጭንቅላቱ የሚይዘው ለዕለት የሚበቃውን ብቻ ነው፤ ሌላው ሲፈለግ ይመጣል። ወሬ ላይ ያለ ሰው በመሃል ዓይኑን ጣሪያ ላይ ተክሎ ዝም ቢል ማንም አይደነግጥም፤ እየመጣለት ነው። ዕቃውም ከሰው አይሻልም። በሩ፣ ምድጃው፣ አውቶቡሱ የራሱ ማህደር የለውም፤ ከሰው ይጋራል። በር ባለቤቱን የሚያውቀው ባለቤቱ ራሱን ስለሚያውቅ ነው። ባለቤቱ ጠጥቶ ራሱን ከሳተ በሩም እሱን ይስታል፤ ስንቱ ባል በዚህ የተነሳ ደጁ ላይ ተገትሯል።

ከሰው ጋር ለመጋራት የሚፈልግ መሣሪያ የሚያሟላቸው አራት ግዴታዎች አሉ፤ በየጤና ጣቢያው በር ላይ ስለተለጠፉ ሕፃን ሳይቀር በቃሉ ይወጣቸዋል። አንድ አድራሻ ለጭንቅላትም ለመሣሪያም አንድ ቦታ ይሁን። ጠያቂ ሁሉ የራሱ ቁጥር ይኑረው። የፈለገውን ያጣ መሣሪያ ይጠብቅ። ቦታ ሲለወጥ ሁሉም ይስማ፣ መስማቱንም ይናገር። እስካለፈው ዓመት ድረስ በአራተኛው ላይ ትንሽ ቸልታ ነበር፤ ለአንድ ቤት አንድ ሰው ቢመልስ ይበቃ ነበር። ዘንድሮ መመሪያው ጠበቀ። እያንዳንዱ ተመዝጋቢ ለራሱ ይመልስ፣ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ያልመለሰ አድራሻው ይዘጋ ተባለ።

እጥፍወርቅ ይህን መመሪያ እንደ ማንኛውም ሰው ሰምታ እንደ ማንኛውም ሰው ረስታዋለች። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በሸማቾች ማኅበር ሱቅ ትሠራለች፤ ጎተራው በሚዛወርበት ቀን ግን ፈቃድ ጠይቃ ከአባቷ ጋር ቤት ትውላለች። አባቷ አቶ ዘርጋው በጊዜያቸው አንቱ የተባሉ የመንገድ ሥራ ፎርማን ነበሩ። የታርማበርን ተራራ ሲያስፈነቅሉ የዋጡት አቧራ ሳንባቸውን ጨረሰውና አሁን የሚተነፍሱት ደረታቸው ላይ በተገጠመች፣ አውራ ጣት በምታክል መተንፈሻ ነው። መተንፈሻዋም የራሷ ማህደር የላትም። መቼ አየር ስባ መቼ እንደምትለቅ የምትጠይቀው አቶ ዘርጋውን ነው።

ሳይረኑ ሲጮህ ሁለቱም ማጅራታቸውን ይዘው «ሰምቻለሁ» ብለው ነበር። አቶ ዘርጋው እንዲያውም ጉሮሯቸውን ጠርገው ነው ያሉት፤ ለመንግሥት ነገር ሲመልሱ ድምፃቸው እንዲደክም አይወዱም።

አራት ሰዓት ከአሥር ሆነ፤ በሳይረኑ የጠፋው ምድጃ አልተመለሰም። እጥፍወርቅ በሩን ገፋችው፤ አላወቃትም። በመስኮት ስታይ አውቶቡሱ መንገዱ መሃል ተገትሯል፤ ተሳፋሪው በመስታወቱ ላይ ፊቱን ለጥፏል። አደባባዩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ እንዲህ ይላል፦ ቀበሌ 07፤ ተመዝጋቢ 31,418፤ የሰማ 31,417።

«አንድ ሰው!» አለ ከታች አንድ ድምፅ። «አንድ ደንቆሮ ይዞን ቀረ!»

ሰፈሩ እርስ በርሱ መጠራራት ጀመረ። የተኛ ተቀሰቀሰ፤ ጆሮ የከበደው በጆሮው ተጮኸበት፤ ባልና ሚስት «ብለሻል?» «አንተስ ብለሃል?» ተባባሉ። ከዚያ ከእጥፍወርቅ በር በላይ ያለችው መብራት ቀላች፤ ሰፈሩም በሙሉ ዞሮ መስኮቷን አየ። የሰው ፊት እሳት ነው ያሉት እውነታቸውን ነው። እጥፍወርቅ ጉንጮቿ ጋሉ።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወንድይፍራው መስኮቷ ሥር መጥተው ቆሙ። «እጥፍወርቅ! ምነው ልጄ? ያንቺ ቤት ነው አሉ እኮ!»

«ሁለታችንም ብለናል ጋሼ!»

«አቶ ዘርጋው ጮክ ብለው ይበሉልን እንጂ! አውቶቡሱ ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት አለች!»

አቶ ዘርጋው በየመሃሉ ትንፋሽ እየወሰዱ «ሰምቻለሁ» አሉ፤ ደገሙት፤ ሦስተኛ ሲሉ ሳል ቀደማቸው። ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ንቅንቅ አላለም። መተንፈሻዋ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ግን ቢጫ ሆነች። እጥፍወርቅ ይህቺን ቢጫ መብራት በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አይታት አታውቅም። ፈራች።

ስንዱን ጠራቻት። ስንዱ ሁለት ቤት አልፎ የምትኖር ገጣሚ ናት። መሣሪያን ከሰው ጋር የሚያገጣጥሙትን ሕዝቡ ገጣሚ ይላቸዋል፤ ከመካከላቸው ግጥም የጻፈ ግን እስካሁን አልተሰማም። የአቶ ዘርጋውን መተንፈሻ የገጠመችው እሷ ነች። በሩ አልከፍት ስላለ በመስኮት መግባት ነበረባት፤ ስንዱ ደግሞ በመስኮት እንድትገባ ሆና የተፈጠረች ሴት አይደለችም።

«ግፉ ጋሼ፣ አይፈሩ!» አለች ጋሽ ወንድይፍራውን። «የማይሰበር ነገር ነው!»

ወለሉ ላይ ከወደቀችበት ሳትነሳ አሮጌውን የእጅ ሰሌዳዋን ከቦርሳዋ አወጣች፤ የራሱ ማህደር ያለው የድሮ ዕቃ ስለሆነ በእንዲህ ያለ ቀን የሚሠራው እሱ ብቻ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እያለች መዝገቡን ከፈተች። አነበበች። ወደ አቶ ዘርጋው አየች፤ መልሳ አነበበች።

«እጥፌ፣ እዚህ ቤት ስንት ሰው ነው ያለው?»

«ሁለታችን ነና።»

«ሦስት ነው የሚለው። አንቺ አንድ። አቶ ዘርጋው ሁለት።»

«ሁለት ምን?»

«ሁለት ሰው። አንደኛው አቶ ዘርጋው ሰምቷል። ሁለተኛው አልሰማም። ሰፈሩን ያቆመው እሱ ነው።» ስንዱ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ ጠየቀች። «መተንፈሻዋን ልገጥም ስል ያስመዘገብሽው ምን ብለሽ ነው?»

እጥፍወርቅ አስታወሰች። አባቷ እስከዚያ ሳይመዘገቡ ቆይተው ሆስፒታል ራሳቸውን ስተው ተኝተው ነበር። ሌላው ሰው ራሱ ቀርቦ «እኔ ነኝ» ብሎ ይመዘገባል፤ ለእሳቸው የተናገረችው እሷ ናት። ድሮ ቢሆን አንድ ጸሐፊ ተቀምጦ ያርመው ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን ጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊዎቹን አሰናብቶ ሥራውን መዝጋቢ ለተባለ መሣሪያ ሰጥቶ ነበር። መዝጋቢው «ማን ነው?» አላት። እሷም መለሰች።

«‹አባቴ ናቸው› አልኩ።»

«ናቸው!» አለች ስንዱ፤ ግንባሯን በእጇ መታች።

መዝጋቢውን አማርኛ ያስተማሩት ከየት አገር የመጡ እንደሆኑ አይታወቅም፤ አባታቸውን አንተ የሚሉ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። ናቸው የሚባለው ለብዙ ነው ተብሎ ተነግሮታል፤ የብዙ ትንሹ ሁለት ነው። እሱ ራሱ ማንንም እርስዎ ብሎ አያውቅም፤ ሰው ይህንን እንደ ባለጌነት ይቆጥርበት ነበር እንጂ መዝጋቢው ሰው እየቆጠረ መሆኑን የጠረጠረ አልነበረም።

«እናርመዋ!» አለች እጥፍወርቅ። «ስንት ሰዓት ነው?»

«ሃያ አምስት አለፈ። በአርባ ይዘጋል።»

«ሲዘጋ መተንፈሻዋስ?»

ስንዱ ሰሌዳውን እያየች መለሰች። «ጥሩ መሣሪያ ናት። አራቱንም ግዴታ ታሟላለች። የፈለገችውን ስታጣ ትጠብቃለች።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪመጣላት።»

መጠበቅ ለአውቶቡስ ጨዋነት ነው። ለሳንባ ግን ሞት ነው፤ ይህን ለማወቅ ገጣሚ መሆን አያስፈልግም። እጥፍወርቅ አባቷን አየች። አቶ ዘርጋው ዓይናቸውን ከድነው አየር እየቆጠሩ ይስባሉ።

«ሌላም ነገር አለ» አለች ስንዱ። እጥፍወርቅን ክንዷን ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደቻት፤ በሹክሹክታ ነበር የምትናገረው። «ሁለት ሰው ካለ ትዝታውም ለሁለት ይከፈላል። መዝጋቢው የከፈለው በጠሪው ነው። አንተ ሲላቸው ከኖረ ሰው ጋር ያለው ሁሉ አንደኛው ቦታ ተቀምጧል፤ እርስዎ ሲላቸው ከኖረ ሰው ጋር ያለው ሁሉ ሁለተኛው ቦታ። አንድ ናቸው ካልሽ አንዱ ቦታ ይለቀቃል።»

«አይዋሃድም?»

«ይዋሃዳል። ለጽሕፈት ቤቱ ማመልከቻ ይገባል፤ ሦስት ወር።»

«ሦስት ወር ማን ይተነፍስላቸዋል?»

ስንዱ ወደ መዝገቡ ተመለሰች። «መተንፈሻዋ የምትጠይቀው አንደኛውን ቦታ ነው» አለች። «ትንፋሽ የተጀመረው ሲወለዱ ነው፤ ያኔ ማን እርስዎ ብሏቸው። ስለዚህ የሚለቀቀው ሁለተኛው ነው። አንተ ይሏቸው የነበሩት እነማን ናቸው?»

«እናት አባታቸው። ታላቅ እህታቸው። ሁሉም ሞተዋል። ከዚያ በኋላ ማን ደፍሮ?»

«እናትሽስ?»

«እናቴ እርስዎ ነበር የምትላቸው። እስክትሞት ድረስ።»

ስንዱ «አንቺስ?» ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

እጥፍወርቅ ማንንም ሳትጠይቅ ቆጠረች። ሠርጉ ይሄዳል። የታርማበር መንገድ ይሄዳል፤ ሠራተኛው ሁሉ እርስዎ ይላቸው ነበር። እናቷ ትሄዳለች፤ ከመቃብሯ ሁለተኛ ትነሳና ትሄዳለች። የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት እጇን ይዘው የወሰዷት ይሄዳል። እሷ ትሄዳለች። ሰው ስለ አባቱ ሕይወት ይህን ያህል በችኮላ መወሰን አልነበረበትም፤ ግን አራት ሰዓት ከሠላሳ ሆኖ ነበር፤ ከውጭ ምጥ የያዛት ሴት ስትጮኽ ይሰማል።

«ክፈችው» አለች።

ስንዱ መዝጋቢውን ከፈተችው። የወንድም የሴትም ያልሆነው ድምፅ ከሰሌዳው ወጣ።

«ተመዝጋቢውን ተናገሪ።»

«አባቴ ናቸው። አንድ ሰው ናቸው።»

«ሁለት። ትክክል ነው?»

«አይደለም! እሳቸው ብቻ ናቸው!»

«ሁለት ብቻ። ትክክል ነው?»

«‹ነው› በዪ!» አለች ስንዱ ጥርሷን ነክሳ። «እሱ ነው! አንተ ነህ! ናቸውን ተዪው!»

እጥፍወርቅ አፏን ከፈተች። ሰባት ዓመቷ ሳለ አንድ ቀን ከሰፈር ልጆች ጋር ስትጫወት የለመደችውን አፍ ይዛ ገብታ «አባዬ፣ ና» ብላ ነበር። አቶ ዘርጋው አልተቆጡም፤ አልመቷትምም። ዝም ብለው እጃቸውን ከገበታው አነሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያቺ ቃል በአባቷ በኩል ከአፏ ወጥታ አታውቅም፤ አሁንም በግድ ብትጠራት አልወጣ አለች። የሚገርመው፣ አባቷ እየሞቱ እንኳ አፈረች።

«ሠላሳ ሦስት» አለች ስንዱ።

አቶ ዘርጋው ዓይናቸውን ገለጡ። «ምንድን ነው ጭንቁ?»

«አባዬ...» እጥፍወርቅ አልጋው አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። «መዝጋቢው ተሳስቶ... አንተ ካልተባሉ አይሰማም።»

ይህን ብቻ ነገረቻቸው። ሌላውን አልነገረቻቸውም። በኋላ ይህን ነገር ስታስበው ለምን እንዳልነገረቻቸው ታውቃለች፤ ቢያውቁ እምቢ ይሉ ነበር፤ እሷ ደግሞ አባቷ እንዲሞቱ አልፈለገችም። ከዚህ የበለጠ ሰበብ የላትም።

አቶ ዘርጋው ትንሽ ፈገግ አሉ። «ይኸው ነው? በዪኝ ልጄ። ለአንድ ቀን አንተ ብባል ምን እሆናለሁ።»

እጃቸውን ያዘች። ፊታቸውን ማየት ስላልቻለች ብርድ ልብሱን እያየች ተናገረች።

«አባቴ ነው። አንተ ነህ። አንድ ሰው ነህ።»

«አንድ» አለ መዝጋቢው። «ሰው አንድ፤ ቦታ ሁለት። አንተ የሚባለው። እርስዎ የሚባለው። የትኛው ይቅር?»

እጥፍወርቅ «እርስ» እንዳለች የስንዱ መዳፍ አፏን ገጠመው።

«ቆዪ! ‹ይቅር› ያለው ይውጣ ነው ወይስ ይቆይ?»

ሁለቱም ተፋጠጡ። መምህር ስም ሲጠራ ቀሪ የሚባለው የሌለው ልጅ ነው፤ ሒሳብ ሲያስተምር ግን ቀሪ የሚለው የተረፈውን ነው። የአቶ ዘርጋው ነፍስ እዚች ቃል ላይ ተንጠልጥላለች፤ ቃሏ ደግሞ በሁለት በኩል ስለት ናት። ናቸውን ሁለት ብሎ የቆጠረ ፍጡር ይቅርን እንዴት እንደሚተረጉም ማን ያውቃል?

«የትኛው ይቅር?» አለ መዝጋቢው ዳግመኛ። መተንፈሻዋ ቀላች።

«ይቅር የሚለውን አትንኪው» አለች ስንዱ። ላቧ በአፍንጫዋ ይንጠባጠባል። «እንደ ሕፃን ንገሪው። ውጣ፣ ተቀመጥ፣ በቃ!»

እጥፍወርቅ ቃል በቃል ተናገረች፤ ድምፅዋ የራሷ አይመስልም ነበር። «አንተ የሚባለው ይቀመጥ። እሱ ዘርጋው ነው። እርስዎ የሚባለው ይውጣ። ይጥፋ።»

«ተመዝጋቢው ይመልስ።»

አቶ ዘርጋው ማጅራታቸውን ለመያዝ አቅም አጡ፤ እጥፍወርቅ እጃቸውን አንስታ ራሷ አስያዘቻቸው። «በል» አለችው አባቷን። «በል እንጂ፣ ስማኝ!»

«ሰምቻለሁ።»

አራት ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ላይ የአደባባዩ ሰሌዳ ተለወጠ፤ 31,417 ከ31,417። በሩ ጠቅ ብሎ ተከፈተ። ምድጃው ነደደ። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ፤ መንገድ ላይ ያለው ሰው አጨበጨበ። ጋሽ ወንድይፍራው ከመስኮቱ ሥር ሆነው «እግዜር ይስጥልን አቶ ዘርጋው! ዕድሜ ይስጥዎት!» ብለው ጮኹ። መተንፈሻዋ አረንጓዴ ሆና እንደ ወትሮው ሳበች፣ ለቀቀች።

ስንዱ ዕቃዋን ወደ ቦርሳዋ ከተተች። የእጥፍወርቅን ትከሻ ነካ አድርጋ በበሩ ወጣች።

ዘርጋው ለብዙ ጊዜ ተኛ። ሲነቃ ጣሪያውን አየ፣ ምድጃውን አየ፣ አጠገቡ ወንበር ላይ የተቀመጠችውን ሴት አየ። እጥፍወርቅ የአክስቷ ቅጂ ናት እያለ ዘመድ ሁሉ ይስቅባት ነበር። ፊቱ በራ።

«እታለም» አላት። ታላቅ እህቱን እንዲህ ነበር የሚጠራት። «ምነው ዓይንሽ ቀላ? ማን ተቆጣሽ?»

«ማንም አልተቆጣኝም።»

«ደረቴ ላይ የሆነ ነገር አለ።»

«ጉንፋን ነው። ይሻልሃል።»

ይህን ስትለው ቀለላት፤ ወዲያውም መቅለሉ አስጠላት። እሱ ግን አመናት፤ ከእታለም የሚሰማውን አይጠራጠርም። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። እጥፍወርቅ አየችውና የአርባ ዓመት ልማድ ቀደማት።

«አባዬ፣ ውኃ ላምጣልዎት?»

ዘርጋው ደነገጠ። አንገቱን አዙሮ ከእሷ ኋላ ወደ በሩ ተመለከተ። በክርኑ ተደግፎ ቀና ለማለት ሞከረ፤ የተዝረከረከውን ብርድ ልብስ በቶሎ ሰበሰበ።

«አባዬ መጡ እንዴ?» አለ በሹክሹክታ። «ታዲያ ምን ተቀምጠሻል? ተነሺ እንጂ እታለም፣ ወንበሩን ልቀቂላቸው።»

እጥፍወርቅ ተነስታ ወንበሩን ለቀቀች።